ካርዱ ሌላ፣ ተክሉ ሌላ፦ ከትልልቅ መደብሮች ስለሚገዙ ባለእንስራ ተክሎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ነፍሳት የሚበላ ተክል የሚያሳድግ ሰው በጣት ይቆጠራል። ጥያቄው ግን አያልቅም። ከፊሉ ከዚሁ ከከተማው ይመጣል፤ ከፊሉ ደግሞ አሜሪካና አውሮፓ ካሉ የጎንደር ልጆች። ከትልቅ የቤት ዕቃና የአትክልት መደብር አንድ ተክል ከአምፖልና ከሚስማር ጋር ገዝተው ይወጡና፣ ቤት ሲደርሱ የተክሉንና ማሰሮው ላይ የተሰካውን የስም ካርድ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ይልካሉ፤ «ካርዱ ላይ የተጻፈው እውነት ነው?» ለእያንዳንዱ በየተራ ከመመለስ እዚህ ማስፈሩ ተሻለኝ።

በአማርኛ የጸና ስም ስለሌላቸው እኔ ባለእንስራ ተክል እላቸዋለሁ። ነፍሳቱ ገብተው የሚሰጥሙበትን ዕቃ ደግሞ እንስራ። እንስራው አበባ ይመስላል እንጂ አበባ አይደለም፤ ቅጠል ነው። ይህን መጀመሪያ ያልያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይምታታበታል።

ካርዱ «ሥጋ በል ተክል» ከማለት በቀር ምንም አይልም። ከየት ልጀምር?

እንስራው ከየት እንደበቀለ ይመልከቱ። ተክሉ እንደማንኛውም ተክል ሰፊ አረንጓዴ ቅጠል አውጥቶ፣ የቅጠሉ ጫፍ ወደ ክር ቀጥኖ፣ ከክሩ ጫፍ ላይ እንስራው ከተንጠለጠለ ኔፔንተስ ነው። ቅጠሉ ራሱ ከመሬት ጀምሮ ቱቦ ሆኖ እንደ መለከት ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ ሳራሴኒያ ነው። ይህን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የወለቃ ሸክላ ሠሪ ጀበናን ከጋን የምትለየውን ያህል ቀላል ነው። ሦስተኛም አለ፤ መሬት ላይ ተኮራምታ የምትቀመጥ፣ እንስራዎቿ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ ሴፋሎተስ የምትባል የምዕራብ አውስትራሊያ ተክል። እሷን ግን ትልልቅ መደብር ውስጥ ማግኘት ብርቅ ነው።

የኔፔንተስና የሳራሴኒያ አገር እጅግ የተራራቀ ነው። ኔፔንተስ ከ150 በላይ ዝርያዎች ያሉት የሞቃት አገር ተክል ሲሆን አብዛኛው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ይበቅላል። በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ የለም፤ ለእኛ የሚቀርቡን የማዳጋስካርና የሲሸልስ ዝርያዎች ናቸው። ሳራሴኒያ የሰሜን አሜሪካ ረግረግ ልጅ ነው። ካርዱ ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራቸው፣ አንዱን የሚያኖረው ምክር ሌላውን ይገድላል።

ካርዱ «ኔፔንተስ አላታ» ይላል። ልመነው?

አይመኑት። በመደብር «አላታ» ተብሎ የሚሸጠው በብዛት ቬንትራታ የሚባለው ዲቃላ ነው። ስሙ ራሱ ከሁለት ወላጆች ስም ተቆራርጦ የተገጠመ ነው፤ ከቬንትሪኮሳና ከአላታ። ሁለቱም የፊሊፒንስ ተክሎች ናቸው። በዚህ ላይ የእጽዋት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 አላታ ይባል የነበረውን ሰፊ ስብስብ በታተኑት፤ የቬንትራታ ወላጅ የሆነው ተክል በአዲሱ አከፋፈል ግራሲሊፍሎራ ተባለ። ስለዚህ ካርዱ ሁለት ጊዜ ስቷል፦ ዲቃላነቱን አልተናገረም፤ የወላጁንም ስም የጠራው በአሮጌው ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ተክል የመጣችው ይህንኑ ካርድ ተሰክቶባት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አላታ እያልኩ ጠራኋት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ የተሰበረ የኪስ መስታወት ከክዳኗ ሥር አስጠግቼ አየሁ። የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ እንደ ላብ በሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተሞልቷል፤ ነፍሳትን የሚያማልለው ጣፋጭ ፈሳሽ የሚወጣባቸው እጢዎች ናቸው። አንዲት ጉንዳን ተገልብጣ እየላሰች ነበር። እውነተኛ አላታ ብትሆን፣ ክዳኑ ከአንገቱ ጋር በሚገናኝበት በኩል ወጣ ያለ ጉብታ መኖር ነበረበት። ቬንትሪኮሳ ብትሆን ደግሞ ለስላሳ በሆነ። ያየሁት ግን የምስር ክክ የምታህል፣ በጣት ጫፍ ካልዳሰሷት የማትታወቅ እብጠት ነበረች። ከሁለቱም አይደለችም፤ ከሁለቱም ናት። ጉንዳኗ እግሯ ሲከዳት ወደ ውስጥ ወደቀች፤ እኔም ካርዱን ነቀልኩት።

መስታወት ከሌለዎት ከወገቡ ይጀምሩ። ቬንትራታ እንደ ቅል ናት፦ ሆዷ ከታች ያበጠ፣ መሃሏ ጠበብ ያለ፣ አፏ አካባቢ መልሳ የምትሰፋ። አላታ ወገብ የላትም ማለት ይቻላል፤ ሆዷ ከታች ያብጥና ከዚያ በላይ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። ቬንትሪኮሳ ወገቧ ከሁለቱም የጠበበ ሲሆን ከንፈሯም ሰፋ ያለ ነው። ቀጥሎ የእንስራውን ፊት ይመልከቱ። አላታ ማለት በላቲን ባለክንፍ ማለት ነው፤ የታችኞቹ እንስራዎች ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ባለዘርፍ ክንፎች አሏት። ቬንትሪኮሳ ክንፍ የላትም። ቬንትራታ ላይ ክንፉ ደብዝዞ መስመር ብቻ ይሆናል። የቅጠሉ ሥርም ይናገራል፦ የቬንትሪኮሳ ቅጠል ያለ እጀታ ግንዱ ላይ ይቀመጣል፤ የአላታ ግን ወደ እጀታ ይጠብባል።

«ሳራሴኒያ አላታ» የሚልስ?

እሱ ሌላ ተክል ነው፤ «አላታ» ቅጽል ስለሆነ ለሁለቱም ተሰጥቷል። ተክሉ ከመሬት የወጣ ቱቦ ካልሆነ ካርዱ ከሌላ ማሰሮ የመጣ ነው።

መደብሩ አውቆ ነው የሚያታልለው?

በአብዛኛው አይመስለኝም። እነዚህ ተክሎች በላቦራቶሪ፣ በብልቃጥ ውስጥ ከጥቂት ሕዋሳት በሺዎች ይባዛሉ። ጅምላ አከፋፋዩ የሚገዛው በቀለምና በመጠን ነው፤ መደብሩ ደግሞ «ባለእንስራ» ብሎ ይቀበላል፤ ካርዱን የሚያሳትመው ሰው ተክሉን አይቶት ላያውቅ ይችላል። አንዳንዱ ካርድ ላይ ያለው ፎቶግራፍ እንኳ የሌላ ዝርያ ነው። ገዢዎችም አለንበት፤ ካርዱን ነቅለን አንብበን በጎረቤቱ ማሰሮ ላይ የምንሰካው እኛ ነን። ማዳቀሉም የቆየ ነው፤ በእንግሊዝ አገር የኔፔንተስ ዲቃላ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1862 ነበር። ከዚያ ወዲህ ዲቃላው ከዲቃላው እየተዳቀለ የዘር ሐረጉን ራሱ አዳቃዩ ብቻ የሚያውቀው ሆኗል።

ከዚህ አንድ ጥቅም ይገኛል። በብልቃጥ የሚባዛው ያው ተክል ስለሆነ በመደብሮች የሚዞሩት ዓይነቶች ጥቂት ናቸው። ከቬንትራታ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፉ የሚደርሰኝ ሚራንዳ ነው፦ ረጅም፣ ቀይ ጠብታ የተረጨበት እንስራ፣ ዘርዛራ ክንፍ፣ እና ከክዳኑ ሥር ወደ አንገት የሚወጣ ጥቁር ቀይ መስመር ያለበት ሰፊ ከንፈር። ብዙ ጊዜ «ማክሲማ» ተብሎ ይሸጣል፤ ማክሲማ ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ነው። ሌላዋ ብለዲ ሜሪ ናት፦ አጭር፣ ድቡልቡል፣ ደም የመሰለች። እሷና ሌዲ ላክ የምትባለው ሁለቱም ከአምፑላሪያና ከቬንትሪኮሳ የተዳቀሉ ናቸው፤ አንዷን ገዝቶ ሌላዋን ለመጨመር ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አጠገብ ለአጠገብ አስተያዩዋቸው።

ስሙ ቢሳሳት ምን ይጎዳኛል?

ስሙ ብቻውን ምንም አይጎዳም። የሚጎዳው ስሙን ተከትሎ የሚመጣው ምክር ነው።

የውጭ አገር አሳዳጊዎች ኔፔንተስን «የከፍታ» እና «የዝቅታ» እያሉ ይከፍሉና በመካከል ያለውን ለማስረዳት ረጅም ሐተታ ይጽፋሉ። እኛ ዘንድ አያቶቻችን ቀድመው ጨርሰውታል፦ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተቀመጠች ወይና ደጋ ናት። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ይህ የቀንና የሌሊት ልዩነት ለተራራ ኔፔንተሶች ድግስ ነው። ለንደን ያለ ሰው ይህንን ለማግኘት ማቀዝቀዣ ይገዛል፤ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለ ሰው መስኮት ይከፍታል።

ቆላውን እዚህ ያመጣ ግን ይቸገራል። ቢካልካራታ የሚባለው ከክዳኑ ሥር ሁለት ሹል ጥርሶች ያሉት ዝርያ በቦርኒዮ ቆላ ረግረግ ውስጥ የሚኖር ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት በረንዳ ላይ ካደረ ዕድገቱ ቀጥ ይላል፤ እንስራ ማውጣት ይተዋል። በተቃራኒው፣ የኪናባሉ ተራራው ራጃ በተፈጥሮው ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የሚበቅል የለየለት ደገኛ ነው። ከሚስማርና ከቀለም ቆርቆሮ አጠገብ በርካሽ ዋጋ «ራጃ» የሚል ካርድ ካዩ ግን ስቀው ይለፉት።

እንግዲህ ተክልዎ የማን ልጅ እንደሆነ በትክክል ባያውቁም ቆላ ወይስ ደጋ መሆኑን ካወቁ ዋናውን ሥራ ጨርሰዋል። ቬንትራታ ወይና ደጋ ናት፤ ሁሉን ትችላለች፤ ጀማሪ ከእሷ የተሻለ አያገኝም። ሚራንዳ ሙቀት ይወዳል፤ ሌሊት ወደ ቤት ያስገቡት። ብለዲ ሜሪ የአምፑላሪያ የቆላ ደም ቢኖርባትም ቀዝቃዛ ሌሊት አልፋ አይቻታለሁ።

አንድ ነገር ግን ከካርዱ ጋር አያምታቱ። በበጋ፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ፣ የጎንደር አየር ደረቅ ነው። በክሩ ጫፍ ላይ ያለችው እንቡጥ ሳታድግ ጠውልጋ ትቀራለች። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «የተሳሳተ ዝርያ ተሽጦልኝ ነው» ብሎ ይጽፍልኛል። ዝርያው ደህና ነው፤ የጎደለው እርጥበት ነው።

ሳራሴኒያዬ «ዓመቱን ሙሉ ለቤት ውስጥ» የሚል ካርድ አለው። እውነት ነው?

ውሸት ነው፤ ከሁሉም ካርዶች የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሳራሴኒያ ከ3 እስከ 4 ወር ቀዝቃዛ ዕረፍት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ተክሉ ግን አልሞተም። አንድ ወዳጄ እንደ ካርዱ አደረገ። የመጀመሪያውን ዓመት አማረለት፤ በሁለተኛው ቱቦዎቹ እየሳሱ ሄዱ፤ በሦስተኛው የለም። ጎንደር ውስጥ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ስለሚሞቅ ዕረፍቱ አይሞላም። እኔ ብሆን ከጎንደር ይልቅ በሚበርደው ደባርቅ ያለ ዘመድ ፈልጌ ከኅዳር እስከ የካቲት እዚያ አሳድረው ነበር።

የትኛው ሳራሴኒያ እንደሆነ ለመገመት ኮፍያውን ይመልከቱ። ኮፍያው ወደ ኋላ ተነሥቶ ዝናብ በቀጥታ የሚገባበት፣ እንደ ዋንጫ አጭርና ሆዳም ከሆነ ፑርፑሪያ ነው። አናቱ ነጭ ሆኖ ቀይ ወይም አረንጓዴ የደም ሥር የመሰለ መስመር የተዘረጋበት ሉኮፊላ ነው። መሬት ላይ ተኝቶ አፉ እንደ በቀቀን መንቁር ከታጠፈ ሲታሲና ነው። ከእነዚህ በሁለቱ መካከል የሆነ የሚመስልዎት ከሆነ ጥርጣሬዎ ልክ ነው፤ ለምሳሌ ስካርሌት ቤል የሚባለው ታዋቂ ተክል የሉኮፊላና የሲታሲና ልጅ ነው።

«ኮብራ ሊሊ» የሚል ካርድ አየሁ። እባብ ይመስላል፤ ልግዛ?

በዚህ ስም ቢያንስ ሦስት ተክሎች ይሸጣሉ። እውነተኛው ባለእንስራ ዳርሊንግቶኒያ ነው፤ የካሊፎርኒያና የኦሪገን ተክል ሲሆን ከጭንቅላቱ ሥር ለሁለት የተሰነጠቀ ምላስ ተንጠልጥሎ ይታያል። ምላስ ከሌለውና ጭንቅላቱ ጀርባ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጫጭ መስኮቶች ብቻ ካሉት ሳራሴኒያ ማይነር ነው። ሦስተኛው አሪሴማ ነው፤ እሱ ነፍሳት አይበላም፤ እባብ የሚመስለውም የአበባው መሸፈኛ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የሚበቅሉ አሪሴማዎች ስላሉ ለእሱ ዶላር ማውጣት አያስፈልግም። ዳርሊንግቶኒያን ደግሞ ባይገዙት ይሻላል፤ ሥሩ ቀዝቃዛ ውሃ ካላገኘ የሚሞት፣ ልምድ ያለውንም ሰው የሚያሳፍር ተክል ነው።

አንዱ ተክል ላይ ሁለት ዓይነት እንስራ አለ። ሁለት ዝርያ አብረው ተተክለው ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ መደብሮች ከአንድ በላይ ችግኝ በአንድ ማሰሮ ያጭቃሉ። ግንዱን ተከትለው እስከ ሥሩ ይውረዱ። ግንዱ አንድ ከሆነ ግን መልሱ ዕድሜ ነው። ኔፔንተስ ከታች፣ መሬት አጠገብ የሚያወጣው እንስራ ሆዳምና ባለክንፍ ነው፤ ከፍ ሲል የሚያወጣው ቀጭንና ክንፍ አልባ ነው፤ ክሩም ከፊት ሳይሆን ከኋላ ይያያዛል። ስለዚህ በችግኝ ላይ ስም ለመስጠት አይጣደፉ።

ቀዩ አንድ ዝርያ፣ አረንጓዴው ሌላ አይደለም?

ቀለም የመጨረሻው ምስክር ነው። ያው ተክል ጥላ ውስጥ አረንጓዴ፣ ፀሐይ ላይ ቀይ ይሆናል።

ፎቶግራፍ ብልክ ይለዩልኛል?

ከላይ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ከሆነ አልችልም። ሙሉውን ተክል ከጎን ያንሱ፤ ከዚያ አንድ የበሰለ እንስራ ከፊት፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አድርገው። ከንፈሩን በቅርበት፣ የክዳኑን ውስጠኛ ገጽ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ። ብልጭታውን ያጥፉት፤ ከንፈሩ ስለሚያብረቀርቅ መስመሮቹን ያጠፋቸዋል። አበባ ካለው እሱንም ያካትቱ፤ ኔፔንተስ ወንዱና ሴቱ የተለያየ ተክል ነው፣ የገዙት የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በአበባው ብቻ ነው።

በኢንተርኔት የኔፔንተስ ዘር ገዝቼ ነበር። ምን ይበቅል ይሆን?

ፍሬው እንደ ሰናፍጭ ክብ ከሆነ ኔፔንተስ አይበቅልም። የኔፔንተስ ዘር እንደ ክር ቀጭን ሲሆን መሃሉ ላይ ብቻ ትንሽ ያበጠ ነው። እውነተኛው ቢሆን እንኳ ቶሎ ስለሚያረጅ በመደብር መደርደሪያ ላይ ወራት የቆየው ብዙም ተስፋ የለውም።

ካርዱ «የቧንቧ ውሃ ያጠጡ» ይላል።

ያንን መስመር በእርሳስ ይሰርዙት። እነዚህ ተክሎች ድሃ መሬት ላይ የለመዱ ስለሆኑ በውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን ሥራቸውን ይጎዳል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ማዕድኑን ሁሉ አያወጣም። አንድ ሰው «ንጹሕ ውሃ» ሲባል አምቦ ውሃ ያጠጣ ነበር፤ ከዚህ የባሰ ምርጫ አይገኝም። ጎንደር ላይ መፍትሔው ክረምት ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የቆርቆሮውን አቧራና ዝገት ካጠቡ በኋላ የሐምሌንና የነሐሴን ውሃ በጀሪካን ይያዙ፣ ከብርሃን ያርቁ። ካለቀ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሆናል፤ ነገር ግን በመኪና መለዋወጫ ሱቅ በዚሁ ስም አሲድም ይሸጣልና እዚያም ጽሑፉን ደግመው ያንብቡ።

ከውጭ ወደ ጎንደር ማምጣት እችላለሁ?

በወረቀት እንጂ በሻንጣ ሸሽጎ አይሆንም። የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በተጨማሪም ኔፔንተስና ሳራሴኒያ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ስምምነት ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። እዚህ ላይ የካርዱ ስሕተት ቀልድ መሆኑ ይቀራል። ራጃና የሕንዱ ካሲያና በስምምነቱ ጥብቅ በሆነው የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ካርዱ በስሕተት «ካሲያና» ካለ ተራ ዲቃላዎ ኬላ ላይ ሊያዝ ይችላል። ወረቀቱ ከመሠራቱ በፊት ስሙን ያስተካክሉ።

ታዲያ በካርዱ ላይ ምን ልጻፍ?

የሚያውቁትን ብቻ። ቬንትራታ መሆኗን ከወገቧ፣ ከክንፏና ከክዳኗ ካረጋገጡ «ቬንትራታ» ይበሉ። ካላረጋገጡ «ኔፔንተስ፣ ያልታወቀ ዲቃላ፣ ወይና ደጋ» በቂ ነው፤ የተገዛበትን ወርና ከተማም ይጨምሩ። ቁራጭ ቆርጠው ለሰው ሲሰጡ ይኸው ጽሑፍ አብሮ ይሂድ፤ የግምት ስም በሦስተኛው እጅ ላይ እውነት ይሆናልና። ካርዱን ከአሮጌ ቢጫ ጀሪካን በመቀስ መቁረጥ ይቻላል። በእስክሪብቶ አይጻፉበት፤ የበረንዳ ፀሐይ በአንድ በጋ ያጠፋዋል። ፕላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፍገው በእርሳስ ይጻፉ። የእኔዋ ካርድ በእርሳስ ከተጻፈች አራተኛ ክረምቷ ነው፤ እስካሁን ትነበባለች።